ከዘጠኝ እናት የተወለዱ

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «የቢንቢ እናት» ነበር የሚላት። እሷም ከጊዜ ብዛት ለምዳው በዚሁ ስም ሲጠሯት አቤት ትል ነበር። ሥራዋ የወባ ትንኝ ማርባት ነው። ሰው የሚያባርረውን እሷ ትቀልባለች፤ ሰው በጥፊ የሚገድለውን እሷ ታሳድጋለች። አዲስ የተዋወቃት ሰው ሥራዋን ጠይቋት ስትነግረው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ክንዱን ማከክ ይጀምራል።

ክፍሏ በሕንፃው ጀርባ ያለች፣ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ቢንቢ እንዳያመልጥ ሁለት በር ተሠርቶላታል፤ የመጀመሪያው ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። ውስጧ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሞቅ ግድግዳው ያልበዋል። በግራ በኩል እጮቹ የሚዋኙባቸው ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ ክንፍ ያወጡት የሚኖሩባቸው፣ በስስ መረብ የተሸፈኑ አሥራ አራት ሳጥኖች አሉ። የወንዶቹ ቀለብ ስኳር የራሰ ጥጥ ነው። ሴቶቹ ግን ደም ካላገኙ እንቁላል አይጥሉምና ሆዷ የተላጨ ጥንቸል ትቀርብላቸዋለች። ጥንቸሏ ያመማት ቀን የቢንቢ እናት እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ክንድ ታስገባለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖራለች።

ከጎኗ ባለው ክፍል መርማሪው አለ። ቤት ለቤት የሚረጨውም ሆነ አጎበር የሚነከርበት የወባ መድኃኒት ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት በእሱ እጅ ያልፋል። መርማሪው ከእሷ ሳጥን መቶ ቢንቢ ይወስድና መድኃኒት የነካ ወረቀት በተጠቀለለበት ቱቦ ውስጥ ይከታቸዋል። አንድ ሰዓት ያቆያቸዋል፣ በማግሥቱ ሬሳ ይቆጥራል። ከመቶው ዘጠና ስምንቱ ከሞቱ መድኃኒቱ አለፈ ማለት ነው፤ ማኅተም ያርፍበትና በርሜሎቹ ረግረግ ወዳለበት አገር ይጫናሉ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ደህና ያልነበረውን ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ መሥሪያ ቤቱ ለአራት ቀን ሲዘጋ ተረኛዋ እሷ ነበረች። በነዚያው ቀናት ታናሽ ወንድሟ ሚስት አገባ። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ስለሞቱበት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሷ የሌለችበት ሰርግ ምን ሰርግ ይባላል? ሳህኖቹን በውሃ ሞላች፣ ጥጡን በስኳር አራሰች፣ በአራት ቀን ምን ይመጣል ብላ ረግረጉ ዳር ወዳለችው የወንድሟ ከተማ ሄደች። ጨፈረች፣ በደስታ አለቀሰች፣ ሙሽሪትን አገላብጣ ስማ ተመለሰች።

ሁለተኛውን በር ስትከፍት ወላፈን ፊቷን ገረፋት። ማሞቂያው ተበላሽቶ አልጠፋ ብሎ ከርሟል። ሳህኖቹ ደርቀዋል፤ እጮቹ እንደ ተደፋ የሻይ ቅጠል ከፕላስቲኩ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። የሳጥኖቹ ወለል ሬሳ ነው። በሩ ሥር ትንሽ ነፋስ በምትገባበት ስንጥቅ አጠገብ የነበረው ሳጥን ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነገር ታያት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቆጠረች። ዘጠኝ ሴት፣ አምስት ወንድ።

መናገር ነበረባት። ግን ተረኛ ሆና ሰርግ ሄደች መባልን ፈራች፤ ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው ሥራም አልነበራትም። መርማሪው በዚያ ሰሞን ለትምህርት ሄዶ ስለነበር እንዲያው ዕድል ሆኖ ቢንቢ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። ሬሳውን ጠርጋ ጣለች፣ ማሞቂያውን አሠራች፣ ዘጠኙን እናቶች በየቀኑ በገዛ ክንዷ መገበች። ኖሩላት። እንቁላል ጣሉ፣ እንቁላሉ ተፈለፈለ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ አሥራ አራቱም ሳጥን እንደ ድሮው ይጮህ ጀመር። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

የእነዚያ የዘጠኝ እናት ልጆች እርስ በርሳቸው ተጋቡ፤ ልጆቻቸውም እንደዚሁ። የቢንቢ ትውልድ ሦስት ሳምንት ነው፤ በስድስት ዓመት መቶ ትውልድ ያልፋል። በሰው ቢቆጠር አንድ ቤተሰብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ ተዘግቶ፣ ባዳ ሳያይ፣ እህት ከወንድሟ ሲወላለድ እንደ ማለት ነው።

መዘዙ ወዲያው አልታየም። በአራተኛው ዓመት ላይ ይመስላል፣ ከመቶ እንቁላል ዘጠና የሚፈለፈለው ወደ ሰባ ወረደ። ቀጥሎ ስድሳ ሆነ፣ ዘንድሮ አርባ። ከውሃው ወጥተው ክንፋቸው አልዘረጋ የሚላቸው በዙ። እግራቸው የተጣመመም ነበር። ድሮ ክንዷን ስታስገባ እያፏጩ የሚወርዱባት ቢንቢዎች አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ ክንዷን ዝቅ አድርጋ እስከ አፋቸው ካላደረሰችላቸው አይነሱም። እሷም እንደ በሽተኛ ልጅ አቀማጠለቻቸው። ጥጡን አወረደችላቸው፣ ጥንቸሏን አስጠጋችላቸው። ቁጥር ሲጎድል ሳህን ጨመረች። መርማሪው መቶ ሲላት መቶ ትሰጠዋለች፤ ሁለት መቶ ሲላትም አላሳፈረችውም።

በዚሁ ዓመት አዲስ መድኃኒት መጣ። መርማሪው ሞክሮት እየሳቀ ወደ እሷ ክፍል መጣና መቶውም በስምንት ደቂቃ ውስጥ መዘረራቸውን ነገራት።

«ልጆችሽ እኮ መድኃኒቱ ገና ከጠርሙሱ ሳይወጣ ነው የሚናዘዙት» አላት።

ሳቀችለት።  ስምንት ደቂቃ የመድኃኒቱ ብርታት ይሁን የእነሱ ድካም በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ አፍ አውጥታ ብትጠይቅ የሚከተለው ጥያቄ ወዴት እንደሚወስዳት ታውቃለችና ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። መድኃኒቱ አለፈ፤ በብዙ መኪና ተገዝቶ ገባ።

ወንድሟ መድኃኒት ረጪ ነው። ፓምፕ በጀርባው አዝሎ ረግረጉ ዳር ባሉት ሠፈሮች ቤት ለቤት ይዞራል። ዝናቡ በጠነከረበት ወር በርሜል ለመጫን ከመኪናው ጋር መጣና ግቢው ውስጥ የጣራው ጠፈጠፍ በማይደርስበት ጥግ አገኛት። ዳቦውን እየቆረሰ ስለ ሚስቱ ነገራት፤ ስድስት ወሯን ይዛለች፣ ደህና ናት። ከዚያ ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄ መድኃኒት ይሠራል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

ሰዉ መናገር ከጀመረ መሰንበቱን ነገራት። ግድግዳችንን በከንቱ ነው የምታነጡት ይሉታል። እሱም ማኅተሙን እያሳየ፣ እህቴ ያለችበት ቦታ ተመርምሮ ያለፈ ነው እያለ ሲከራከር ከረመ። በኋላ የራሱን ቤት ረጨ፤ ልቡ አላርፍ ስላለው ደግሞ ረጨው። ጠዋት ሲነሳ ከአልጋው በላይ፣ መድኃኒቱ ደርቆ ነጭ ምልክት በተወበት ግድግዳ ላይ ቢንቢዎቹን አያቸው።

«ዘመድ ቤት እንደመጣ እንግዳ ተደላድለው ተቀምጠዋል» አላት። «የሞቱ መስለውኝ አንዱን በጣቴ ነካሁት። ተነስቶ በረረ።»

ምናልባት ስትበጠብጡት ውሃ አብዝታችሁ ይሆናል አለችው። ይህን ማለቷ ከፋው፤ አሥር ዓመት የሠራሁትን ሥራ ልታስተምሪኝ ነው ወይ የሚል ፊት አሳያት፤ ግን እትዬው ናትና ዳቦውን አንስቶ መቁረሱን ቀጠለ። እሑድ እመጣለሁ ብላ ሸኘችው። መኪናው በርሜሎቹን እያንኳኳ ከግቢው ሲወጣ እስኪርቅ በዓይኗ ተከተለችው።

እሑድ ሄደች። ሚስቲቱ በር ላይ ወገቧን ይዛ ተቀበለቻት፤ የጎረቤት ሦስት ቤት ሰው በትኩሳት መተኛቱን፣ ዘንድሮ ትኩሳቱ ቀድሞ መምጣቱን እንደ ተራ ወሬ አጫወተቻት። የቢንቢ እናት ከቤቱ ጀርባ ወደ ረግረጉ ወረደች። ውሃው አይንቀሳቀስም። ሣሩ መሐል ጎንበስ ብላ በጭልፋ ቀዳችና ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ጭልፋው ውስጥ ያሉት እጮች ሲገለባበጡ ውሃው የፈላ ይመስል ነበር። የእሷ እጮች እንዲህ አይገለባበጡም። ሦስት ማሰሮ ሞልታ በጨርቅ አፋቸውን አሰረች።

የዱር ቢንቢ ወደ ርቢው ክፍል ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ማሰሮዎቹን የድሮ ወንበሮች በተጣሉበት የዕቃ ክፍል ደበቀቻቸው። በሽታ ይይዘኛል ብላ አልፈራችም፤ ቢንቢ ወባ የሚይዛት ከታመመ ሰው ስትጠጣ ነው፣ እነዚህ ደግሞ ገና ማንንም አልነኩም። በአሥረኛው ቀን ክንፍ አወጡና በመረብ ሳጥን አኖረቻቸው። ክንዷን ወደ ሳጥናቸው ስታስገባ እጇ ገና መግቢያው ላይ ሳለ ደረሱባት። ዙሪያውን እንደ ጉም ሸፈኗት፤ ሲነክሱም ያማል። ሃያ ዓመት የተነከሰች ሴት እጇን መንጭቃ አወጣች። ክንዷ እስከ ማታ አብጦ ዋለ።

መርማሪውን ሞክርልኝ ብትለው ያለ ደብዳቤ አልነካም አላት። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሕንፃው ባዶ ሲሆን፣ ራሷ ወደ መርማሪው ክፍል ገባች። ሃምሳ ከራሷ፣ ሃምሳ ከረግረጉ፤ በቀጭኑ የጎማ ቱቦ በአፏ እየሳበች አንድ በአንድ በሁለት የሙከራ ቱቦ አስገባቻቸው። የእሷዎቹ ዘጠኝ ደቂቃ አልቆዩም። በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን አጠፉ። የረግረጎቹ ሰዓቱን ሙሉ ወረቀቱ ላይ ተራመዱበት። አንዳንዱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ክንፉን በእግሩ ጠረገ። በማግሥቱ ተመልሳ ስትቆጥር የሞቱት ሰባት ነበሩ። አርባ ሦስቱ ቱቦው አፍ ላይ ተሰብስበው መውጫ ይፈልጉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው በዕድሜ ያንሳታል፣ ሥራውን ከተረከበ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አንቱ እያለ ነው የሚያናግራት። የጻፈችበትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበና ቱቦው ቆሽሾ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቃት። አልቆሸሸም። የመድኃኒቱ ወረቀት አርጅቶ ይሆን? አላረጀም፤ የራሳችንን የገደለው ያው ወረቀት ነው። ኃላፊው ቀና ብሎ አያት።

«የእኛዎቹ እኮ መጀመሪያ የመጡት ከዚያው ረግረግ ነው። ታዲያ እንዴት እንዲህ ተለያዩ?»

የፈራችው ጥያቄ ይኼ ነበር። ስድስት ዓመት የያዘችውን ተነፈሰች። ስለ ሰርጉ፣ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ዘጠኙ እናቶች፣ በዕቃው ክፍል ስለደበቀቻቸው ማሰሮዎችም ነገረችው። ረግረጉ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አለ፤ ሙቀት የሚችል፣ ረሀብ የሚችል፣ መድኃኒት የሚችል። የእኔ ክፍል ውስጥ የቀረው አንድ ዓይነት ነው፣ እሱም ምንም የማይችል ነው አለችው። እነሱን የሚገድለውን ሁሉ ነው ስታሳልፉ የኖራችሁት።

 ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እስካሁን እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያውስ በዚሁ ይቆይ። ርጭቱ ተጋምሷል። አሁን አይሠራም ብንል ሰዉ ዳግመኛ በሩን አይከፍትልንም። ዝናቡ ያብቃና በደንብ እንመረምረዋለን።»

«ዶክተር፣ ዝናቡ ሲያበቃ እኮ ነው ወባው የሚጀምረው።»

ይህን እሱም ያውቀዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር፣ ፍርሃቱንም ከራሷ ፍርሃት የተነሳ አወቀችለት። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰና እርስዎም ቢሆኑ ይህ ነገር ቢወጣ እንደማይጠቅምዎ ያውቃሉ አላት፣ በትሕትና። በማግሥቱ የዕቃውን ክፍል ስትከፍት ወለሉ እርጥብ ነበር። ሳጥኖቹ ላይ የፈላ ውሃ ፈስሶባቸዋል። ማሰሮዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል።

ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ሥራዋን ሠራች። ከዚያ ወንድሟ ጋ ደወለች። መድኃኒቱ እንደማይሠራ፣ ሚስቱን ቀዳዳ የሌለው አጎበር ውስጥ እንዲያስተኛትና ጠርዙን ፍራሹ ሥር እንዲሸጉጥ ነገረችው። ለምን ሲላት ምክንያቱንም አልደበቀችውም። ስልኩ ውስጥ የፓምፑ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማታል።

«በእኔ ሰርግ ጊዜ ነው?» አላት።

«አዎ።»

«እስካሁን ስንት ቤት እንደረጨሁ ታውቂያለሽ?»

 መልሷን ሳይጠብቅ ስልኩን ዘጋው።

ወንድሟ እንደ እሷ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። በነጋታው ለጓደኞቹ ተናገረ፤ ረጪዎቹ ሁሉ ፓምፓቸውን በከተማዋ ጤና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ደርድረው አንነካም አሉ። ነገሩ ከከተማዋ አልፎ ወደ ላይ ወጣ። ኃላፊው ተጠራ። የቢንቢ እናትም ተጠርታ ያደረገችውን ሁሉ በገዛ እጇ ጽፋ ፈረመች። ከረግረጉ አዲስ ቢንቢ መጥቶ በሦስት ሰዎች ፊት ተሞከረ፤ ውጤቱ እሷ ካገኘችው አልተለየም። ሌላ መድኃኒት ታዘዘ። ሌላ መድኃኒት እስኪመጣ ግን ስምንት ሳምንት ፈጀ፣ ዝናቡም በመካከል አበቃ።

በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ረግረጉ ዳር የሆነውን የምትሰማው ከሾፌሮች ነበር። ጤና ጣቢያው አልጋ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ተኝቷል ይላሉ። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ክፍል አጣምሮ ያስተምራል፤ መምህሮቹ ታመው ነው። ሾፌሮቹ የዚህ ሁሉ ሰበብ እሷ መሆኗን አያውቁም፤ ቁጭ ብላ ታዳምጣቸዋለች። ወንድሟ አይደውልም። ስትደውል በአጭሩ ይመልስላታል፤ ደህና ነን፣ አጎበሩ አለ።

አጎበሩ ነበረ። እርጉዝ ሴት ግን ቀኑን ሙሉ አጎበር ውስጥ አትውልም። አመሻሽ ላይ እሳት ስታያይዝ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ በር ላይ ቆማ ባሏን ስትጠብቅ ማን ያውቃል የትኛዋ እንደነከሰቻት። ትኩሳቱ በሰባተኛው ወሯ ያዛት። አራት ቀን ታግላ እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ወንድሟ ይህን ሲነግራት ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። ወቀሳ አልተናገራትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እትዬ ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ «አንቺ» ብቻ ነው የሚላት፣ ስልክ ሲያነሳም «አቤት»።

እሷን ከሥራ አላባረሯትም። ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዛወሯትና ቁልፏን ለመርማሪው አስረከበች። እሱ ጥንቸሏን እንደ ወጉ አቀረበላቸው፣ ጥጡንም እንደ ወጉ ከላይ ሰቀለው፤ ወደ ታች የሚያወርድላቸው ሰው ስላልነበረ ብዙዎቹ ሳይደርሱበት ሞቱ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ወደ ማጠቢያው መጥቶ አንዴ ነይ አላት። ያ ቀልዱ ሁሉ የለም። አንድ ሳህን አሳያት፤ መቶ ያህል እንቁላል ውሃው ላይ ተበትኗል፣ ሳምንት ሆኖታል፣ አንድም አልተፈለፈለም። የመጨረሻዎቹ ናቸው።

«ምን ላድርጋቸው?»

ሳህኑን ተቀበለችውና ራሷ ደፋችው።  ወደ ማጠቢያዋ ከተመለሰች በኋላ ግን ቧንቧውን ከፍታ፣ ምንም ሳታጥብ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

አዲሱ መድኃኒት በገባ በሳምንቱ ፈቃድ ወስዳ ወደ ረግረጉ ከተማ ሄደች። ሚስቲቱ ከስታለች፤ ሳመቻት፣ መቀመጫ ሰጠቻት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሟ ሥራ ላይ ነው ብላ ከውስጥ ሆና የመንገዱን አቅጣጫ ነገረቻት። የቢንቢ እናት በጭቃው መንገድ ሄዳ ከሁለት ቤት በኋላ አገኘችው። አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ፓምፑን አዝሎ፣ የቤቱ ሰዎች ዕቃቸውን ወደ ውጭ እስኪያወጡ ይጠብቃል። አንዲት አሮጊት አልጋ ልብሳቸውን ታቅፈው በጥርጣሬ ያዩታል።

ሲያያት ጨርቁን ዝቅ አደረገ። ሰላም ተባባሉ። መንገድ እንዴት ነበር፣ ደህና ነበር ተባባሉ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት፤ የአዲሱ መድኃኒት ማረጋገጫ ነው። ከውጭ ካለ ከአንድ ትልቅ የምርመራ ቤት የመጣ ነው። መቶ በመቶ ይላል፣ ማኅተሙ ከቀድሞው የበለጠ ያምራል።

«ይሄኛውን በየትኛው ቢንቢ ነው የሞከሩት?» አላት።

ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ጀርባው ባዶ ነው። ፊቱ ላይ ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ ሞቱት የተጻፈ ነገር የለም፤ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ዓመት እንደተዘጉ፣ ከስንት እናት እንደተወለዱ።

«አላውቅም» አለችው።

ወረቀቱን መልሶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አሮጊቷ ዕቃው ወጥቷል፣ ግባ አሉት። ጨርቁን ወደ አፍንጫው ሳበና ገባ፤ ወዲያው ፓምፑ ግድግዳው ላይ ማፏጨት ጀመረ።